ነገርን ከሥሩ፤ ስለ ታሪክ አጻጻፍ መሠረት



ከሰው ልጅ ጋራ አብሮ የኖረ ጥበብ ቢኖር ነገርን አስተካክሎ መተረክ ነው። ሕፃናት በእሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ሲሰሙ፣ ባላጋራዎች በሽማግሌ ፊት ቆመው በደላቸውን ሲያስረዱ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳም የመንገዱን ወሬ ሲያወራ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም የሆነውን ነገር፣ ወይም ሊሆን የሚችለውን ነገር፣ ያላየው ሰው እንዳየ ሆኖ እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ይህ በአፍ የምናውቀው ጥበብ በጽሑፍ ሲሆን በምን በምን መሠረት ላይ እንደሚቆም ነው።

ብዙ ሰዎች ታሪክ መጻፍ ከመወለድ ጋራ የሚገኝ ስጦታ እንጂ በትምህርት የሚገኝ አይመስላቸውም። ከዚህም የተነሣ በአፉ ሲያወራ ሸንጎ የሚያስቅና የሚያስለቅስ ሰው ወረቀትና ብዕር በቀረበለት ጊዜ ይደነግጣል። የመጀመሪያውን መሥመር ጽፎ ይሰርዛል፤ ሁለተኛውን ጽፎ ይቀድዳል፤ በመጨረሻም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ይነሣል። እርግጥ ነው፣ ስጦታ አንዱን ከሌላው ያበልጣል። ነገር ግን ሸማኔ ድሩን ሳያደራ ጥበብ እንደማያወጣ ሁሉ፣ ጸሐፊም የሥራውን መሠረት ሳያውቅ ስጦታው ብቻውን አያለብሰውም።

ደግሞም ይህ ትምህርት የሚያስፈልገው መጽሐፍ ለማሳተም ለሚያስብ ሰው ብቻ አይደለም። ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በሥርዓት መተረክ ያልቻለ ሰው ተበድሎ ሳለ በዳይ መስሎ ይታያል፤ አቤቱታው ረዝሞ ፍሬ ነገሩ ይጠፋበታል። ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፣ ብዙ ያዩ አባቶችና እናቶች ያወቁትን እንደያዙ ማለፋቸው ነው። ቤተ መጻሕፍት ቢቃጠል ጢሱ ይታያል፤ አንድ አዛውንት ሲያርፉ ግን አብሮ የተቀበረው ታሪክ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚለካው የለም። የጠየቀና የጻፈ ልጅ ከሌለ፣ የሚቀረው የሐዘን ድንኳን ብቻ ነው።

የአገራችን ሰው ለትረካ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ የተጻፉት ገድላትና ዜና መዋዕሎች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ደብተራ ዘነብም የዓፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጽፈው አቆይተውልናል። በኋላም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙትን፣ ከጊዜ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ አሳተሙ። ይህም መጽሐፍ በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ሆኖ ይቈጠራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር በጆሮው ሊያነበው በቅቷል። እነዚህን ሥራዎች ስንመረምር ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው መሠረቶች በሁሉም ውስጥ ይገኛሉ።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ትንሽ ታሪክ እንደ ምሳሌ ልውሰድና ከመሠረት እስከ ጣራ አብረን እንሥራው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ገበሬ ልጁን ከተማ ልኮ ለማስተማር ሲል ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቹ አንዱን ሸጠ። ይህ ገና ወሬ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ወደ ታሪክነት እንዴት እንደሚለወጥ እንመልከት።

አንደኛው መሠረት የድርጊቱ ሰንሰለት ነው። የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይህን «ሴራ» ወይም «ትልም» ይሉታል። ትልም የእርሻ ቃል መሆኑን ልብ በሉ፤ ገበሬ ማረሻውን እንዳገኘው አይነዳም፤ አንዱ ትልም ሌላውን ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋል። «ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ከዚያም ክረምት መጣ፤ ከዚያም ከጎረቤቱ ጋራ ታረቀ» ብንል፣ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተሳሰሩም። ነገር ግን «በሬውን ስለ ሸጠ ጥማዱ ጎደለ፤ ጥማዱ ስለ ጎደለ መቀናጆ መፈለግ ግድ ሆነበት፤ መቀናጆ የሚሆን በሬ ያለው ደግሞ የተጣላው ጎረቤቱ ብቻ ነበር» ብንል፣ ወዲያው አድማጭ «ታዲያ ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። «ከዚያስ?» የሚለው ጥያቄ ጆሮን ያቆማል፤ «ለምን?» የሚለው ግን ልብን ይይዛል። ጸሐፊ ድርጊቱን በ«ከዚያም» ብቻ ሳይሆን በ«ስለዚህ» እና በ«ነገር ግን» ማያያዝ ይገባዋል።

ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔና ስለ ተውኔት ባስተማረው መጽሐፉ አንድ ሙሉ ድርሰት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሊኖረው ይገባል ብሏል። ይህ ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መጀመሪያ ማለት ነገሩ በጊዜ የጀመረበት ቦታ ማለት ብቻ አይደለም። የገበሬውን ታሪክ ከልደቱ ብንጀምር ሚዛኑ ይጠፋል፤ በሬው ከተሸጠበት ከመስከረም ብንጀምርም ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ ደመና በቋጠረበት፣ የጎረቤት ጅራፍ በተሰማበት ቀን ሰውየውን ከአንድ በሬው ጋራ ቆሞ ማሳየት ነው። የመስከረሙን ሽያጭ በኋላ በትዝታ መመለስ ይቻላል፤ ይህም «ምልሰት» ይባላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል ሥሩን ማወቅ ግድ ነው ማለት እንጂ ሥሩን ሁልጊዜ አስቀድሞ መዘርገፍ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መሠረት ባለ ታሪኩ ሰው፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው ነው። ጀማሪ ጸሐፊዎች ሰውን በቅጽል ሊሠሩት ይሞክራሉ፤ «ደግ፣ ታታሪ፣ ቅንና ልጁን የሚወድ ገበሬ ነበር» ይላሉ። ይህን ያነበበ ሰው ምስክርነቱን ሰማ እንጂ ሰውየውን አላየውም። ገበሬው በሬውን ለገዢው ሲያስረክብ ገመዱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይዞት ቢመለስና፣ ያን ገመድ በባዶው ጉሮኖ ላይ እንደ ወትሮው ቢሰቅለው፣ ስለ በሬው ፍቅር አንድ ቃል መናገር አያስፈልገንም። የሰው ባሕርይ በድርጊቱ፣ በንግግሩ፣ በዝምታውም ይገለጣል። ፊታውራሪ መሸሻ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ኩሩ መሆናቸውን የምናውቀው ደራሲው ስለ ነገሩን ብቻ አይደለም፤ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ በዘር እየናቁ ሲመልሱ፣ የልጅቱም ዕድሜ ሲያልፍ ስለምናይ ነው።

እያንዳንዱ ባለ ታሪክ አንድ የሚፈልገው ነገር ሊኖረው ይገባል። ምንም የማይፈልግ ሰው ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ከተቀመጠበት የማይነሣ ሰውም ታሪክ የለውም። የእኛ ገበሬ የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ መሬቱ ጦም ሳያድር፣ የልጁም ትምህርት ሳይቋረጥ ክረምቱን ማለፍ ነው። የ«ጦቢያ» ባለ ታሪክ ልጅ ወንድ መስላ ስትጓዝ አንባቢው የሚከተላት የምትፈልገውንም የምትሰውረውንም ስለሚያውቅ ነው።

ሦስተኛው መሠረት ጊዜና ቦታ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን «መቼ» እና «የት» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥመው «መቼት» የሚል አንድ ቃል አውጥተውለታል። መቼት ጌጥ አይደለም፤ ሥራ አለው። ታሪካችንን በኅዳር ብናደርገው እህሉ ደርሷልና የበሬው ጉድለት አያስጨንቅም። ግንቦት ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የደመና ጥላ ገበሬውን ይከሰዋል፤ ዝናቡ እየቀረበ፣ ቀኑ እየጠበበ ይሄዳል። እንዲሁም ቦታውን ስንገልጽ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ዛፉንና ወፉን ሁሉ መዘርዘር የለብንም። በሁለቱ ሰዎች ማሳ መካከል የተቆፈረውን አንድ ፈሰስ ብናሳይ ከመቶ ተራራ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የጠቡ ምንጭ እርሱ ነው።

ይህም ወደ አራተኛው መሠረት ያደርሰናል፤ እርሱም ግጭት ነው። ግጭት ማለት የግድ ዱላ መማዘዝ ማለት አይደለም። ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከማኅበረ ሰቡ ልማድ፣ ሰውም ከራሱ ጋራ ሊጋጭ ይችላል። በዛብህ በወላጆቹ ስእለትና በልቡ ፍቅር መካከል ተይዞ ሲጨነቅ ውጊያው በአንድ ሰው ውስጥ ነው። በእኛም ታሪክ ውስጥ ገበሬው ከክረምቱ ጋራ ይሽቀዳደማል፤ ከጎረቤቱ ጋራ ተኳርፏል፤ ከሁሉ በላይ ግን ከገዛ ኩራቱ ጋራ ይታገላል። ከእነዚህ ውስጥ ልብ የሚነካው የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ጀማሪ ጸሐፊ ባለ ታሪኩን ስለሚወድ ባላጋራውን ያለ ምክንያት ክፉ ያደርገዋል። ይህ በጽሑፍ ዘንድ ጉድለት፣ በሰው ዘንድ በደል ነው። ሽማግሌ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ ጸሐፊም የጎረቤትየውን ቃል ሳይሰማ መጻፍ የለበትም። የእኛን ጎረቤት ብንጠይቀው እንዲህ ይላል፤ ካቻምና ክረምት ገበሬው የራሱን ማሳ ለማዳን ፈሰሱን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ ቆፈረው፤ ጎርፉም የጎረቤቱን የጤፍ ቡቃያ ጠርጎ ወሰደው። ጎረቤትየው ዳኛ አልጠራም፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዚያ ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ይህን ባወቅን ጊዜ ታሪካችን ከመሠረቱ ይለወጣል። ቅን አባት ያልነው ሰው የበደለው በደል አለ፤ ክፉ ያልነው ጎረቤትም የታገሠው ቍስል አለው። አንባቢ ከሁለቱም ጋራ ሊጨነቅ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

አምስተኛው መሠረት የተራኪው አንጻር ነው፤ ይኸውም ታሪኩን የሚያየው ዐይን የማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ይህንኑ ታሪክ ገበሬው ራሱ «እኔ» እያለ ሊተርከው ይችላል። ያን ጊዜ ጭንቀቱ ይቀርበናል፤ ነገር ግን በጎረቤቱ ልብ ያለውን ሊነግረን አይችልም፤ መገመት ብቻ ይችላል። ከውጭ ያለ ተራኪ «እርሱ» እያለ ሲተርከው ደግሞ የሁለቱንም ቤት ጓዳ ማየት ይቻለዋል። ወይም የገበሬው ሚስት ትተርከው፤ እርስዋ ሁለቱ ሰዎች የማይነጋገሩትን ነገር ከጎረቤትየው ሚስት ጋራ ውሃ ስትቀዳ ሰምታው ይሆናል። ሁሉም መልካም ነው። መልካም ያልሆነው በአንድ ዐይን ጀምሮ፣ ሳያስታውቁ ወደ ሌላው መዝለል ነው። አንባቢ መሪው በመንገድ መካከል የተለወጠበት መንገደኛ ይሆናል።

ስድስተኛው መሠረት ምልልስ ነው። ሰዎች በታሪክ ውስጥ የሚናገሩት ገጹን ለመሙላት አይደለም፤ «እንደምን ዋልህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም። የእያንዳንዱ ሰው ንግግር ነገሩን አንድ እርምጃ ሊያራምድ ይገባዋል። በዚህ ረገድ አማርኛ ለጸሐፊ ትልቅ ሀብት ይሰጣል፤ አንድን ሰው «አንተ» ወይም «አንቱ» ማለት ብቻ የሰዎቹን ግንኙነት ይገልጣል። ጎረቤትየው በዕድሜ ያንስ ነበርና ከጠቡ በፊት ገበሬውን «አንቱ» ይለው ነበር እንበል። ገበሬው ኩራቱን ውጦ፣ ሲመሽ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ ስለ መቀናጆ ሲለምን፣ ጎረቤትየው ከመደቡ ሳይነሣ እንዲህ ይመልስ፤

«በሬዬስ ያርሳል፤ ፈሰስህ ግን ወዴት ሊወርድ ነው?»

አድማጮቼ፤ በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ተመልከቱ። እንቢ አላለም፤ እሺም አላለም። ጠቡን በስሙ ሳይጠራ ጠርቶታል። «ፈሰስዎ» ማለት ሲገባው «ፈሰስህ» በማለቱ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ቅያሜ በአንዲት ፊደል ላይ ተቀምጧል። ይህን በትረካ ለማስረዳት ብንሞክር ግማሽ ገጽ ይፈጅብን ነበር።

ሰባተኛውና የመጨረሻው መሠረት ጭብጡ ነው፤ ይህም ታሪኩ በውስጡ የያዘው ቁም ነገር ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በዚህ ነው። ታሪኩን በመልካም አምጥተው በመጨረሻው ገጽ ላይ «እንግዲህ ከዚህ የምንማረው» ብለው ስብከት ይጀምራሉ። የተረት አባቶቻችን ምክር አይጠሉም ነበር፤ ነገር ግን ምክሩን በጅቡና በአህያዋ አፍ ይናገሩት ነበር። ጭብጥ በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው፤ ሲቀር ይታወቃል፤ ለብቻው ሲቀርብ ግን አይበላም።

የገበሬያችንን ታሪክ እንዴት እንፈጽመው? ሽማግሌ ጠርተን፣ ሁለቱን አስታርቀን፣ ስለ ሰላም ጥቅም አንድ ንግግር ማስደረግ እንችላለን። ይህን ያነበበ ሰው ግን ወዲያው ይረሳዋል። ከዚህ ይልቅ ሌላ መንገድ እንሞክር። ገበሬው በዚያች ምሽት መልስ ሳይሰጥ ወደ ቤቱ ይመለስ። በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ ጎረቤትየው የዶማ ድምፅ ሰምቶ ይውጣ። ገበሬው ብቻውን፣ የገዛ ማሳው ጎርፍ ሊያገኘው እንደሚችል እያወቀ፣ ያን ፈሰስ ሲደፍን ያግኘው። አንዱም ስለ ካቻምናው አይናገር። ጎረቤትየው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ከተመለከተ በኋላ እንዲህ ይበል፤

«ይብቃዎ፤ ቀንበሩን ይዘው ይምጡ፤ ፀሐይ ሳይበረታ እንጀምር።»

«አንተ» ተመልሶ «አንቱ» ሆነ። ዕርቅ የሚል ቃል አልተጻፈም፤ ይሁን እንጂ ዕርቁ ተፈጽሟል። ተምሮ የሚመለሰውም ልጅ በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ አልታየም፤ ነገር ግን ትምህርቱ በምን ዋጋ እንደ ተገዛ አንባቢ ያውቃል። ታሪኩ የሚዘጋው በዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጨመር አንድ መሥመር ቢኖር ያጎድለዋል እንጂ አይሞላውም።

እንግዲህ ድርጊት በምክንያት መያያዙን፣ ሰው በሥራው መገለጡን፣ ጊዜና ቦታ ሥራ እንዳላቸው፣ ግጭት የሁለቱንም ወገን ቃል እንደሚጠይቅ፣ የተራኪው ዐይን መጽናት እንዳለበት፣ ንግግር ነገርን ማራመዱን፣ ጭብጥም በታሪኩ ውስጥ መሟሟቱን አይተናል። ይህን በቃል መያዝ ብቻውን ጸሐፊ አያደርግም፤ የዋና ትምህርት በወንዙ ዳር ቆሞ እንደማይጨረስ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ለመጀመር ለምትፈልጉ ሁሉ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ከቤተ ዘመዶቻችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል አንድ አዛውንት ፈልጉና አጠገባቸው ተቀመጡ። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ብትሏቸው ብዙ ጊዜ «ምን ታሪክ አለኝ፣ ልጄ» ይሏችኋል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አጥብቡት፤ ከቤታቸው ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ የሄዱበትን ቀን ጠይቋቸው። ማን ሸኛቸው? ስንቁ ምን ነበር? ሲሄዱ ማንን እንዳያዩ ፈሩ? የተነገራችሁን በአንድ ገጽ ጻፉት። ጽፋችሁም ስትጨርሱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ምላስ የተሰናከለበት ቦታ ብዕር የተሰናከለበት ቦታ ነው። «በጣም»፣ «እጅግ» እና «ያማረ» የሚሉትን ቃላት እየለቀማችሁ አውጡ፤ በስፍራቸውም የታየውንና የተሰማውን አስገቡ። በመጨረሻም ለባለ ታሪኩ መልሳችሁ አንብቡላቸው። አዛውንቱ በመካከል አቋርጠው «እንዲያ አይደለም፣ እንዲህ ነበር እንጂ» ካሏችሁ ደስ ይበላችሁ፤ የተረሳው ነገር የሚመለሰው ያን ጊዜ ነውና።

ያን አንድ ገጽ ማንም ላያሳትመው ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው የሄደበት መንገድ፣ የሸኘው እጅና የተቋጠረለት ስንቅ ከእርሱ ጋራ አይቀበርም።